የአሮጌ መኪና ማንነት በቁጥሮቹ ሲመረመር፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ላሉ ባለንብረቶችና መርማሪዎች

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮ የሚዘልቀው የምዕራብ ሸዋ መንገድ የብዙ ዘመን መኪኖችን ያስተናገደ ነው። በኢትዮጵያ በብዛት ከሚታወቁት አሮጌ መኪኖች መካከል የጀርመኑ ቮልስዋገን፣ የእንግሊዙ ላንድሮቨርና የጣሊያኑ ፊያት ይገኙበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም። መኪናው የተባለውን መሆን አለመሆኑን ማጣራት ለገዢ የገንዘብ፣ ለወራሽ የቤተሰብ ንብረት፣ ለመዝጋቢው አካል ደግሞ የሕግ ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ አንድ ቁጥር ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም የሚል ነው። ማስረጃ የሚሆነው በተለያየ ቦታና በተለያየ ጊዜ የተጻፉ ምልክቶች እርስ በርስ ሲስማሙ ነው።

ታርጋ፣ ሊብሬ እና ሻንሲ

በመጀመሪያ ሦስት ጉዳዮችን መለየት ያስፈልጋል። ታርጋ ሲያመለክት የቆየው ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን ክልልና የአገልግሎቱን ዓይነት ነው። ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ በቆየው ሥርዓት ኮድ 1 ለታክሲ፣ ኮድ 2 ለግል፣ ኮድ 3 ለንግድ፣ ኮድ 4 ለመንግሥት የተሰጠ ነበር። ስለሆነም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ ግለሰብ የተላለፈ ላንድሮቨር ታርጋው ይለወጣል እንጂ ማንነቱ አይለወጥም። ሊብሬ በበኩሉ የባለቤትነትና የምዝገባ ሰነድ ነው፤ በላዩ የሰፈረው ቁጥር ከብረቱ ተገልብጦ የተጻፈ በመሆኑ የገልባጭ ስሕተት ሊኖርበት ይችላል። የመኪናው የራሱ መለያ በፋብሪካ በብረቱ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነው።

የቮልስዋገን ቁጥሮች አነባበብ

በጀርመን የተሠራው ቮልስዋገን የሻንሲ ቁጥሩ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንደኛው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መካከል ከፊት ወደ ኋላ በሚሄደው ጎላ ያለ ብረት ላይ የተመታው ነው። ሁለተኛው በፊት ኮፋኖ ሥር ባለው የዕቃ ክፍል በተለጠፈው የመለያ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ቅድሚያ የሚሰጠው ለተመታው ነው፤ ቆርቆሮው ከአንዱ መኪና ተነቅሎ በሌላው ላይ ሊለጠፍ ይችላልና።

እስከ 1964 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ቁጥሩ ተከታታይ ብቻ ስለነበር፣ የምርቱን ዘመን ለማወቅ የፋብሪካውን ዝርዝር መመልከት ግድ ነበር። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ግን ቁጥሩ ራሱ ዘመኑን ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የመኪናውን ዓይነት፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት የመጨረሻ አሃዝ፣ የቀሩት ተከታታይ ቁጥሩን ያመለክታሉ። ለምሳሌ በ117 የሚጀምር ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር የ1967 ሞዴል ነው። 115 ግን የ1965ም የ1975ም ሞዴል ሊሆን ስለሚችል ተከታዩን ክፍል ማየት ያስፈልጋል፦ የ1965ቱ ተከታታይ ቁጥር ከ1 ሲጀምር፣ የ1975ቱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይነሣል።

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ

በኢትዮጵያ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቮልስዋገን የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በኦገስት 1 ቀን፣ ማለትም በሐምሌ 25 ነው። በኦክቶበር 1966 እ.ኤ.አ. የተሠራ መኪና የ1967 ሞዴል ተብሎ ይጠራል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሠራበት ጊዜ 1959 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከሞዴሉ ዓመት ላይ 8 ሲቀነስ የኢትዮጵያው ዓመት ይገኛል። ልዩነት የሚፈጠረው ከሐምሌ 25 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በተሠሩት ላይ ብቻ ነው፤ እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ገና በአሮጌው ዓመት ውስጥ ናቸው።

ይህ ስሌት ተግባራዊ ጥቅም አለው። በ117 የሚጀምር ሻንሲ ያለው መኪና ሊብሬው ላይ «1959» ተብሎ ቢገኝ ሐሰተኛ ሰነድ ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ያንኑ «1959» እንደ አውሮፓ ዓመት ቆጥሮ መኪናውን ስምንት ዓመት አስረጅቶ የሚሸጥ ሰው ቢኖር፣ ሦስተኛው አሃዝ ያጋልጠዋል።

ሞተርና አካል

የቮልስዋገን የሞተር ቁጥር የሚገኘው በሞተሩ አካል ላይ፣ ዲናሞው በተቀመጠበት እግር ሥር ነው። ከኦገስት 1965 ጀምሮ በላቲን ፊደል ይቀድማል፦ «ዲ» 1200፣ «ኤፍ» 1300፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው «ኤች» ደግሞ 1500 ሞተርን ያመለክታል። «ኤዲ» የሚለው የ1600 ሞተር ምልክት ከኦገስት 1970 በፊት አልነበረም። ስለዚህ በ117 ሻንሲ ላይ «ኤዲ» ሞተር ከተገኘ፣ ሞተሩ ከመኪናው ቢያንስ በሦስት ዓመት ያንሳል፤ አብሮት ከፋብሪካ አልወጣም ማለት ነው።

ይህ ግን ማጭበርበር ተፈጽሟል ማለት አይደለም። መለዋወጫ በማይገኝባቸው ዘመናት ሞተር መቀየር መኪናን በሥራ ላይ የማቆያ ዘዴ ነበር። ጥያቄው ለውጡ በሊብሬው ላይ ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም የሚል ነው። የተመዘገበ ለውጥ የመኪናው ታሪክ አካል ነው፤ ያልተመዘገበው ማብራሪያ ይፈልጋል።

የቮልስዋገን አካል ከወለሉ ጋር የተያያዘው በቡሎን በመሆኑ፣ የአንዱ ዓመት አካል በሌላው ወለል ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ የአካሉ ቅርጽም ከቁጥሩ ጋር መነጻጸር አለበት። በ1965 ሞዴል መስኮቶቹ ሰፍተዋል፤ በ1968 ሞዴል የፊት መብራቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሆኖም ፓራፋንጎ ከነመብራቱ በቀላሉ ስለሚቀየር ደካማ ምስክር ነው፤ የመስኮት ክፈፍ ግን የአካሉ አንድ ክፍል በመሆኑ የተሻለ ይመሰክራል።

ላንድሮቨር

በላንድሮቨር ሲሪዝ ሁለት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ የፊት ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ብረት ላይ ተመትቷል። ቦታው ለጭቃ የተጋለጠ ስለሆነ፣ እንደ ጊንጪ ባለ ጥቁር አፈር አገር ያገለገለ መኪና ቁጥሩ በደረቀ ጭቃና በዝገት ሊሸፈን ይችላል። በሲሪዝ ሁለት «ኤ» ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ትርጉም አላቸው፦ 244 ባለ 88 ኢንች፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ባለ ግራ መሪ ሲሆን፣ 242 ደግሞ የዚያው ዓይነት ባለ ቀኝ መሪ ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በመንገድ ግራ የምትነዳ አገር ስለነበረች፣ የመሪው ቦታ ከቁጥሩ ጋር መመሳከር አለበት። ቁጥሩ 242 ሆኖ መሪው በግራ ከተገኘ፣ ወይ መሪው ተዛውሯል ወይ ሻንሲው የሌላ መኪና ነው።

ብረቱን መመርመር

ቁጥሩን ከማንበብ በፊት ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት ይበቃል። በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ግን ማስረጃውን ያጠፋል። ቀጥሎ ቀጭን ወረቀት በቁጥሩ ላይ አስተኝቶ በእርሳስ በማሸት ቅጂ ይወሰዳል። በቅጂው ላይ የአሃዞቹ ጥልቀት፣ ርቀትና ቅርጽ ይታያል፤ አንዱ አሃዝ ከሌሎቹ ከተለየ፣ በዙሪያው የብየዳ ጠባሳ ካለ፣ ወይም ብረቱ ከአካባቢው ይልቅ ከሳሳ፣ ቁጥሩ ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በቮልስዋገን ላይ ባትሪው የሚቀመጠው ከዚያው ከኋላ መቀመጫ ሥር በመሆኑ፣ አሲዱ የበላውን ወለል ሆን ተብሎ ከተፋቀ ብረት መለየት ያስፈልጋል።

ጥርጣሬ ከቀረ የአምራቹን መዝገብ መጠየቅ ይቻላል። በቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን መኪና ሙዚየም ተቋም መኪናው የተሠራበትን ቀን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ለላንድሮቨር ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው በእንግሊዝ ጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ ሞተር ሙዚየም ነው።

ማጠቃለያ

የምርመራው ቅደም ተከተል ከብረት ወደ ወረቀት የሚሄድ መሆን አለበት፦ በመጀመሪያ የተመታው ሻንሲ፣ ቀጥሎ የመለያ ቆርቆሮው፣ ሞተሩና አካሉ፣ ከዚያም ሊብሬው፣ በመጨረሻም የፋብሪካው መዝገብ። ሁሉም ከተስማሙ መኪናው ኦሪጅናል ነው። የሻንሲው ቁጥር ጤናማ ሆኖ ሞተሩ ወይም አካሉ ከተለየ፣ መኪናው የተለወጠ እንጂ ሐሰተኛ አይደለም፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ሊተመን ይገባል። የተመታው ቁጥር ራሱ የተነካ መስሎ ከታየ ግን ጉዳዩ የዋጋ ሳይሆን የሕግ ስለሚሆን፣ ከማናቸውም ክፍያ በፊት ለመዝጋቢው አካል መቅረብ ይኖርበታል።