የደከመ የብየዳ ጀነሬተርን በድምፁ መመርመር

ሞተሩ ያለ እንከን ይዞራል፤ በያጁ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ሲያስነካው ግን ቅስቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ኤሌክትሮዱም ይጣበቃል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች መፍቻ አንሥተው ጀነሬተሩን መፈታታት ይጀምራሉ። ፊዚክስ የተማረ ሰው ግን ከመፍቻው በፊት ጆሮውን ቢጠቀም ይሻለዋል።

ምክንያቱ የሌንዝ ሕግ ነው። ሄንሪክ ሌንዝ በ1834 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ በኢንዳክሽን የመነጨ የኤሌክትሪክ ጅረት ዘወትር ያመነጨውን ለውጥ ይቃወማል። ጀነሬተሩ 200 አምፔር በ28 ቮልት ሲሰጥ 5.6 ኪሎዋት ያወጣል፤ ይህ ሁሉ፣ ብክነቱም ተጨምሮበት፣ የሚመጣው ከሞተሩ ዘንግ ነው። ስለዚህ ቅስት በተነሣ ቁጥር ሞተሩ ሸክሙን ይሰማዋል፤ እኛም ሞተሩን እንሰማለን።

ለምሳሌ በአሜሪካ የቧንቧ መስመር በያጆች ለአሥርተ ዓመታት የሠሩበትን ሊንከን ኤስኤ-200 እንውሰድ። ባለ አራት ሲሊንደሩ ሞተር ዋናውን የቀጥተኛ ጅረት ጀነሬተርና ኤክሳይተር የሚባለውን ትንሽ ጀነሬተር አብሮ ያዞራል። የትንሹ ተግባር ለዋናው የመስክ ጥቅልሎች ጅረት ማቀበል ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ሥራ ሲቆም ፍጥነቱን ዝቅ፣ ቅስት ሲነሣ ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ አላቸው።

ኤሌክትሮዱ ሲነካ ድምፁ ከዝቅተኛው ፍጥነት ካልተነሣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው መሣሪያ ነው። ድምፁ ከፍ ካለ በኋላ ታፍኖ ካቃሰተ ግን ጀነሬተሩ ኃይል እየጠየቀ ነው፤ የደከመው ሞተሩ ነው። ካንዴላዎቹ፣ የነዳጅ ማጣሪያው፣ ካርቡሬተሩና የፍጥነት መቆጣጠሪያው ይታዩ። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ የማያቃጥል ሞተር ያለ ሸክም ሲዞር ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ድምፁ ከፍ ብሎ ምንም ሳይከብደው ከቀጠለ ደግሞ ከሞተሩ የተጠየቀ ኃይል የለም ማለት ነው፤ ችግሩ በኤሌክትሪኩ በኩል ነው።

የፍጥነት ጉድለት ጉዳቱ ከሚገመተው ይበልጣል። የጀነሬተር ቮልቴጅ የሚወሰነው በመስኩ ጥንካሬና በዙሩ ፍጥነት ብዜት ነው። ዙሩ በ10 በመቶ ሲጎድል ኤክሳይተሩም ቢያንስ በዚያው መጠን ይዳከማል። የዋናው ጀነሬተር ብረት በማግኔት ካልጠገበ 0.9 በ0.9 ተባዝቶ 0.81 ይሆናል፤ ቮልቴጁ በ19 በመቶ ወረደ ማለት ነው።

በኤሌክትሪኩ በኩል ቀላሉ ምርመራ ገመዱ ነው። በዛገ መቆንጠጫ ላይ የ0.02 ኦም ተቃውሞ ቢኖር፣ በ200 አምፔር 4 ቮልት ይወስዳል፤ 800 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከሥራ በኋላ የጋለው መጋጠሚያ ራሱን ያጋልጣል።

ገመዱ ደኅና ከሆነ የኤክሳይተሩ ቮልቴጅ በመልቲሜትር ይለካ። ዝቅ ካለ ያለቁ ወይም በመያዣቸው ውስጥ የተቀረቀሩ ካርቦን ብሩሾችና የጠቆረ ኮሙቴተር የተለመዱ ጥፋተኞች ናቸው። ኮሙቴተሩ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ በመዳብ ቅጠሎቹ መካከል የቀረ ብናኝም ይወገዳል።

ቮልቴጁ ከናካቴው ከሌለና ጥቅልሎቹ ካልተቆረጡ፣ ምናልባት የጠፋው ቅሪት ማግኔትነት ነው። ቬርነር ሲመንስ በ1867 እ.ኤ.አ. ለበርሊን የሳይንስ አካዳሚ በቀረበለት ጽሑፍ እንዳብራራው፣ ዳይናሞ ሥራውን የሚጀምረው በብረቱ ውስጥ ከቀረችው ጥቂት ማግኔትነት ነው፤ እርሷ ትንሽ ጅረት ትፈጥራለች፣ ጅረቱም መስኩን ያጠነክራል። ለረጅም ጊዜ የቆመ ጀነሬተር ይህችን መነሻ ሊያጣ ይችላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ሞተሩ ቆሞ፣ የኤክሳይተሩ ብሩሾች ከኮሙቴተሩ ተነሥተው፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ለመስክ ጥቅልሉ ለጥቂት ሴኮንዶች ጅረት ይሰጣል። ገመዱ ሲላቀቅ ጥቅልሉ ከባትሪው እጅግ የላቀ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ እርቃኑን ሽቦ መጨበጥ አይገባም፤ ብልጭታውም ከባትሪው ጋዝ ይራቅ። ባትሪው ተገልብጦ ከተያያዘም ኤክሳይተሩ በተገላቢጦሽ ይነሣል፣ የብየዳው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም ይቀያየራል፤ ስለዚህ ብሩሾቹ ተመልሰው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ፣ ኤሌክትሮድ ከመያዙ በፊት፣ ዋልታዎቹ በመልቲሜትር ይረጋገጡ።