የነሐሴ ደሞዝና የመስከረም ደብተር

ኢትዮጵያ የ13 ወር ፀሐይ አገር ናት ይባላል። ደሞዝተኛው ደግሞ «ፀሐዩ 13፣ ደሞዙ 12» እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ የሚመረው ጳጉሜን ላይ ነው። ነሐሴ መጨረሻ እጅ የገባ ደሞዝ እስከ መስከረም 30 ድረስ 35 ቀን መብቃት አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት 36። በእነዚህ ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፤ ትምህርት ቤትም የሚከፈተው በዚሁ መሐል ነው። ደርዘን ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ቦርሳ፣ ጫማ፣ የደንብ ልብስ፣ የምሳ ዕቃ፣ ይህ ሁሉ በልጆቹ ቁጥር ተባዝቶ ይመጣል። በየዓመቱ የሚነሣው ክርክር «ደብተር ዘንድሮ ስንት ገባ?» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ዋጋው መወደዱን የሚክድ የለም። ቤተሰብን ይበልጥ የሚያጎብጠው ግን ወጪው የሚመጣበት ጊዜ ነው፤ ጊዜውን ማስተካከል ደግሞ ዋጋውን ከማስተካከል ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ 1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መመለስ ያስፈልጋል። ፖሊሲው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነፃ እንዲሆን አደረገ። ውጤቱ ትልቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከ3 ሚሊዮን የማይበልጠው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2010 ዓ.ም. ገደማ 20 ሚሊዮን ደርሷል። «ነፃ» የሚለው ቃል የሸፈነው ግን ለትምህርት ቤቱ የሚከፈለውን ገንዘብ ነው። ልጁ የሚጽፍበትን፣ የሚጽፍበትን ነገር የሚሸከምበትን፣ ለብሶ የሚሄደውን ቤተሰብ እንዲችል ተተወ። ትምህርቱ በተስፋፋ ቁጥር ይህን ወጪ የሚሸከመው ቤተሰብም ዓይነቱ ተለወጠ። ድሮ ልጅ ትምህርት ቤት የሚልከው በአብዛኛው የወር ገቢ ያለው የከተማ ሰው ነበር፤ አሁን ገቢው በመኸር የሚመጣ ገበሬና ከቀን ወደ ቀን የሚኖር የቀን ሠራተኛም ይልካል። የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር ግን እንደነበረ ቀረ።

«ችግሩ ኑሮ መወደዱ ነው፤ ጊዜን ምን አመጣው?» የሚል ሰው ባዶ እጁን አልመጣም። ለደብተር የሚሆነው ወረቀት ወይም ወረቀቱ የሚሠራበት ፐልፕ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የብር ዋጋ ሲወርድ ደብተር ወዲያው ይሰማዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ቀኑን ልብ ይሏል፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ሆኖም ይህ ምሳሌ ራሱ የጊዜን ነገር ያጎላል። ግንቦት ላይ ደብተሩን የገዛ ቤተሰብ በአሮጌው ተመን ገዛ፤ ነሐሴን የጠበቀ ሁሉ ግን አዲሱን ዋጋ በአንድ ቀን ተቀበለ። የምንዛሬውን ተመን የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርም ሆነ ወላጅ አይወስነውም። መቼ እንደሚገዛ ግን ሁለቱ ተነጋግረው ሊወስኑ ይችላሉ።

ገጠር ሲወጡ ነገሩ ይብሳል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትባቸው ወራት ናቸው፤ የመኸር እህል አውድማ የሚደርሰው ከኅዳር በኋላ ነው። ገበሬው እጁ ሞልቶ የሚገበያየው በጥርና በየካቲት ሲሆን ደብተር ግዛ የሚባለው ቡቃያው ገና ሳያፈራ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እንኳ በማኅበረሰብ ሥራ ለሚሳተፉ ቤተሰቦች የሚከፍለው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ላሉት 6 ወራት ነው። ምክንያቱ የእርሻ ሥራን ላለመሻማት ነውና ስሕተት አይባልም። ይሁንና ክፍያው የሚቆመው የትምህርት ቤት ወጪ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ቤተሰቡ ያለው ምርጫ በግ መሸጥ፣ መበደር፣ ወይም ልጁን ማዘግየት ነው። በከተማም ቢሆን ክረምቱን ሊስትሮ ሲሠሩ ወይም ማስቲካና ሶፍት ሲያዞሩ የሚከርሙ ልጆች ብዙዎቹ ለምን እንደሚሠሩ ቢጠየቁ መልሳቸው «የደብተር» ነው።

ጊዜ ብቻውን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል ሰው በኮሎምቢያ መዲና በቦጎታ የተሞከረው ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከ6ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ላሉ የድሃ ቤተሰብ ተማሪዎች በዕጣ ድጎማ ተሰጠ። አንዱ ወገን ክፍል በመገኘቱ በየወሩ 15 ዶላር ያህል ሲያገኝ ለሌላው 10 ብቻ እየተከፈለ የቀረው ተጠራቅሞ ለቀጣዩ ዓመት በሚመዘገብበት ወቅት በአንድ ጊዜ ተሰጠው። በጠቅላላው የሁለቱ ድርሻ ተመሳሳይ ነበር። ክፍል በመገኘት ሁለቱም ሲተካከሉ፣ በቀጣዩ ዓመት ተመዝግቦ በመመለስ ግን ገንዘቡ ተጠራቅሞ የተሰጠው ወገን በለጠ። ብሩ አልጨመረም፤ የተለወጠው የሚደርስበት ቀን ነው። እኛ ዘንድ ይህን ለማስረዳት ጥናትም ላያስፈልግ ይችላል፦ ዕቁብ ውስጥ የነሐሴ ዕጣ ለምን እንደሚፈለግ፣ የደረሰው ሰው ዕጣውን ለልጆች እናት እንዲለቅ ለምን እንደሚለመን ዕቁብተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ትምህርት ቤት መስከረም እንደሚከፈት ማን ያልሰማ አለ? ደብተር አይሻግትም፤ ከጥር ጀምሮ በወር በወር አንድ አንድ ደርዘን መግዛት ይቻላል። ለበዓል በግ የሚያርድ ሰው ለደብተር አጣሁ ሊል አይገባም የሚሉም አሉ። የበዓሉን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ ዘመድ የሚሰበሰብበትን ቀን ከልጅ ደብተር ጋር በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ድሃን መገሠጽ ቀላል ነው፣ ግን ፍሬ የለውም። የቁጠባው ክርክር ይበልጥ ክብደት አለው፤ ያንን የሚያፈርሰው ደግሞ ወላጁ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የሚያስፈልገውን ዕቃ ዝርዝር የሚሰጡት ምዝገባ ላይ ነው። ባለ ስንት ሉክ ደብተር፣ መሸፈኛው ምን ዓይነት ቀለም፣ ስንት ደስጣ ወረቀት፣ ስንት ሶፍት፤ ይህ ሳይታወቅ አስቀድሞ የገዛ ወላጅ ሁለተኛ ይገዛል። የደንብ ልብሱ ቀለም በየሁለት ዓመቱ ከተለወጠና ከትምህርት ቤቱ በቀር ሌላ ቦታ ካልተገኘ የታላቅ ልብስ ለታናሽ አይተርፍም፣ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊም አይሠራውም። ዝርዝሩን በሰኔ፣ ከውጤት ካርዱ ጋር ማደልና የልብሱን ቀለም ለዓመታት አለመንካት ለትምህርት ቤቱ ይህ ነው የሚባል ወጪ የለውም። የልብስ ንግዱ ይቀንስበት ይሆናል። ያ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ስለ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ስለ ትርፍ ይሆናልና በግልጽ እንዲያ ቢባል ይሻላል።

«መንግሥት ይስጥ» የሚለው መልስ በአዲስ አበባ በከፊል ሥራ ላይ ውሏል። ከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስና ደብተር ማደል ጀምሯል፤ ምገባም አብሮ አለ። ጥቅሙን ለመመዘን የኬንያን ልምድ ማየት ይረዳል። እዚያ በዕጣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የደንብ ልብስ ሲሰጥ መቅረት በአማካይ 37 በመቶ፣ መጀመሪያ ልብሱ ላልነበራቸው ልጆች ደግሞ 55 በመቶ ቀነሰ። ከ8 ዓመት በኋላ ሲታይ ግን በተማሩበት የክፍል ደረጃ ላይ የቀረ ልዩነት አልተገኘም። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ፤ ለትምህርት ቤቶች ደብተርና መጻፊያ መግዣ ገንዘብ ሲሰጥ በመጀመሪያው ዓመት፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ የተማሪው ውጤት ተሻሻለ። በሁለተኛው ዓመት ወላጆች እንደሚመጣ ስላወቁ የራሳቸውን ወጪ ቀነሱ፤ የውጤቱም ጭማሪ ጠፋ። ከዚህ ተነሥቶ ዕደላው ከንቱ ነው የሚል አለ። እኔ ግን ወላጁ ያስቀረው ገንዘብ እንደባከነ አልቆጥረውም፤ ለዘይት፣ ለኪራይ፣ ለመድኃኒት ውሏል። የሕንዱ ውጤት የሚያስተምረው ዕደላው ከሚጠበቅበት ቀን ጋር መጣበቅ እንዳለበት ነው። ወላጅ ይመጣል ብሎ ሳይገዛ ቆይቶ ደብተሩ ጥቅምት ላይ ከደረሰ፣ ልጁ ከእርዳታው በፊት ከነበረበት የባሰ ወር ያሳልፋል። ስለዚህ ጨረታው በክረምት ሳይሆን በጥርና በየካቲት ወጥቶ፣ ልኬቱ ልጆቹ ገና ክፍል ውስጥ እያሉ በግንቦት ቢወሰድ የብሩ መጠን ሳይጨምር እንኳ ብዙ ይለወጣል።

ይህ ሁሉ የማይደርስለት ቤተሰብ እንዳለ መካድ አይቻልም። በቀን ገቢ ለሚኖር ሰው ከ13ቱ ወራት የሚተርፈው ወር የለም፤ ዝርዝሩን በሰኔ ቢቀበል የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ መምህሩ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ከጨረሰ በኋላ፣ መስቀል አልፎ፣ በአንድ ደብተር አምስት ትምህርት ሊጽፍ ክፍል ይገባል። ስሙ ግን በዓመቱ መጨረሻ መዝገብ ላይ «ደካማ» ከሚባሉት ጋር ነው የሚቆጠረው።