ቢላዋ ያልደረሰው ፍጥረት

በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች ታጥሮ የተቀመጠው የምዕራብ ወሎ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በሳይንትና በለጋምቦ ከፍታዎች ላይ የሚዘልቀው አገር፣ የበግና የገብስ፣ የበቅሎና የውርጭ አገር በመሆኑ፣ ዓሣ ለነዋሪው በየዕለቱ በደጁ የሚያየው ፍጥረት ሳይሆን፣ ወደ በረሃው ወርዶ ወንዙን የተሻገረ ሰው ሲመለስ የሚያወራለት ነገር ሆኖ ኖሯል። እርሱም ቢሆን ሁሉም እኩል አይከበርም፤ ክንፍና ቅርፊት ያለው ቆሮሶ ሲበላ፣ ቅርፊት የሌለው አምባዛ ሕገ ኦሪትን በሚጠብቀው ክርስቲያን ዘንድ ከነጢሙ ይጣላል። ስለዚህ የዚህ ደጋ ወዳጅ የሆነ ጸሓፊ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስለሚሞት የቤት ዓሣ ልጽፍ ነው ቢል፣ አንባቢው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ነገር ግን የወሎ ደገኛ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እንስሳ እንዴት መሞት እንደሚገባው አጥብቆ ያውቃል። ክርስቲያኑ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ፣ ሙስሊሙም ቢስሚላህ ብሎ በጉን ከማረዱ አስቀድሞ ቢላዋው መሳሉን ያረጋግጣል፤ በዶለዶመ ስለት እንስሳን ማሠቃየት፣ ወይም ጉሮሮውን ሳይጨርሱ መተው በሁለቱም ወገን ሽማግሎች ዘንድ የሚያስወቅስ ነው። የተሳለው ቢላዋና የጸናው እጅ የሥቃይን ዘመን ያሳጥራሉ፤ የእርድ ሥርዓት ርኅራኄም ያለው በዚሁ ነው። ዓሣ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ቀርቷል። በሁለቱም ሃይማኖት ዓሣን ለመብላት እርድ አያስፈልግም፤ ከውኃው ይወጣል፣ በድንጋይ ላይ ይጣላል፣ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ይንፈራገጣል፣ ማንም ይህን ጭካኔ ብሎ አይጠራውም። ያለ እርድ እንዲበላ መፈቀዱ ግን አሟሟቱ እንዲረዝም መታዘዙ አይደለም። በቤት ዓሣ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሊበሉት ያልገዙትን፣ ልጆች ስም ያወጡለትን፣ በየጧቱ ፍርፋሪ ጠብቆ ወደ መስተዋቱ የሚመጣውን ፍጥረት፣ በታመመ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉት የሚነግር ልማድ የለም።

በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የቤት ዓሣ ወርቃማው ዓሣ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት በቻይና፣ በሶንግ ነገሥታት ዘመን፣ በኩሬ ይጠበቁ ከነበሩ ደብዛዛ ዓሦች መካከል ቀይና ወርቃማ ሆነው የተገኙት እየተመረጡ ተዋልደው የወጣ ዘር ሲሆን፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጥቂት ወራት ፍጥረት አይደለም፤ በሚገባ ከተያዘ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። በእንግሊዝ አገር ቲሽ የተባለ አንድ ወርቃማ ዓሣ በ1956 እ.ኤ.አ. በትርኢት ሜዳ ሽልማት ሆኖ ተሰጥቶ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ 43 ዓመት ኖሯል። ከአማካይ የገጠር በቅሎ ዕድሜ የሚበልጥ ነው ማለት ይቻላል። ለደጋ አገርም ከሌሎቹ ይልቅ የሚስማማው ይኸው ነው፤ ከሞቃት ወንዞች የመጡት ዓሦች 24 ወይም 26 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ሲሹና ማሞቂያቸው መብራት በጠፋ ቁጥር ሲቀዘቅዝባቸው፣ ወርቃማው ዓሣ ቀዝቃዛውን ውኃ ይታገሣል።

ብርዱን ይታገሥ እንጂ የደጋውን አየር ስስነት ግን ማንም ዓሣ በቀላሉ አይወጣውም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። በባሕር ዳርቻ 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በዚህ ከፍታ 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። በመጽሐፍ የተጻፈው የዓሣ አያያዝ በአብዛኛው ለቆላና ለባሕር ዳር ሰው የተጻፈ ነውና፣ ደገኛው ገንዳውን ሰፋ፣ ዓሦቹን ጥቂት፣ አየር መንፊያውንም የማያቋርጥ ማድረግ ይገባዋል። ያ ክብ ትንሽ የመስተዋት ዕቃ፣ በሥዕል ሁሉ የምናየው፣ ለዓይን ያማረ ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ለዓሣው የመታፈኛ ቤት ነው።

ዓሣው ሲታመም ባለቤቱ በመጀመሪያ ሊመረምረው የሚገባው ዓሣውን ሳይሆን ውኃውን ነው። ዓሣ የሚበላውም የሚጥለውም በሚተነፍስበት በዚያው ውኃ ውስጥ ነው፤ ከኩሱና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ስንጥቡን፣ ማለትም የሚተነፍስበትን ክፍል ያቃጥለዋል፤ ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውኃም ለጀርም ማጥፊያ የተጨመረበት ክሎሪን ካለው እንዲሁ ይጎዳዋል። ስለዚህ ከውኃው ሢሶ ያህሉን ማውጣትና በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ያደረ፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተስተካከለ ንጹሕ ውኃ መተካት፣ ምግብም ለጥቂት ቀን ማቆም፣ የሞት በር ላይ የደረሰ የመሰለውን ብዙ ዓሣ መልሷል። በገላው ላይ ጨው እንደተነሰነሰ ነጭ ነጥብ የሚያወጣው በሽታ የጥቃቅን ተባይ ሥራ ስለሆነ በመድኃኒት ይድናል፤ ሆዱ ተነፍቶ መገለባበጡም አንዳንድ ጊዜ ምግብ ሲቀየርለት ይስተካከላል።

ሆዱ በውኃ ተሞልቶ ቅርፊቱ ሁሉ ወደ ውጭ የተነቀለ ሲመስል ግን ኩላሊቱ ሥራውን ማቆሙን ያመለክታልና፣ ከዚህ ደረጃ የሚመለስ ጥቂት ነው። ዓሣው በጎኑ ተኝቶ ሲውል፣ ለብዙ ቀን ምግብ ሲተው፣ በእጅ ሲቀርቡት የማይሸሽ ሲሆን፣ ሌሎቹም ዓሦች ክንፉን መልቀም ሲጀምሩ፣ ያን ጊዜ የሚቀረው ጥያቄ ይድናል አይድንም መሆኑ ቀርቶ እስከ መቼ ይሠቃያል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ዓሣ ሥቃይ ያውቃልን የሚል ክርክር ይነሣል። የሥነ ፍጥረት መምህራን ዓሣን በዕለተ ሐሙስ ከተፈጠሩት፣ ሕያዊት ነፍስ ካላቸው ፍጥረታት ጋር ይቆጥሩታል፤ ድንጋይ ወይም ሣር አላደረጉትም። በዘመናችን ደግሞ ሊን ስኔደን የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ትራውት በተባለ ዓሣ ከንፈር ውስጥ የንብ መርዝ ወይም አሲድ በመርፌ ሲያስገቡ፣ ዓሣው ምግቡን ትቶ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ፣ አሲድ የተወጋውም ከንፈሩን በጠጠር ላይ ሲያሽ አይተዋል፤ ሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ሲሰጠውም ይህ ጠባይ ቀንሷል። የዓሣ አንጎል ከሰው አንጎል የተለየ ስለሆነ ይህ እንደ እኛ ያለ ሥቃይ አይደለም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ዓሣውን በሥቃይ ማቆየት ለክርክሩ አንዳች አይጨምርም።

ስለ ክፉ አሟሟት የዓባይ በረሃ ሰው ጥሩ ምስክር ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ወንዞች ዳር ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የብርብራን ፍሬ ወቅጠው በረጋ ውኃ ውስጥ መበተንን ከጥንት ያውቁታል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለው መርዝ፣ ዓሣው የተነፈሰውን ኦክሲጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ይከለክላል፤ ውኃው ምንም አየር ቢኖረው ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ፣ እየዞረ፣ ታፍኖ ይሞታል፤ ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም አብረው። ይህን አይቶ ያዘነ ሰው በከተማ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ቢያይ ደግሞ ልዩነቱን ብዙ ባላገኘ ነበር። ሕያው ዓሣን በመጸዳጃ ቤት ውኃ መልቀቅ፣ ወደ ፍሳሽና ወደ ኬሚካል ልኮ ከዓይን መሰወር ብቻ ነው፤ ከውኃ አውጥቶ መተው ከድንጋይ ላይ ሞቱ አይለይም፤ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ሰላማዊ ይምሰል እንጂ፣ ወርቃማው ዓሣ ብርድን የለመደ በመሆኑ ለረዥም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ መልቀቅ ደግሞ ነጻ ማውጣት ይመስላል፤ ነገር ግን በሽታውን ለወንዙ ዓሦች ከማስተላለፉም በላይ፣ ቢድን እንኳ ያገሩ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ባዕድ ዘር መዝራት ነው።

የተሻለው መንገድ የሚገኘው ደገኛው ሻዩን ከሚያጣፍጥበት ቅመም ነው። ቅርንፉድ ዩጂኖል የተባለ ዘይት አለው፤ የጥርስ ሕመምን የሚያደነዝዘው፣ የጥርስ ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ይኸው ሲሆን፣ በውኃ ውስጥ ሲገባ በዓሣ ስንጥብ በኩል አልፎ በመጀመሪያ ያስተኛል፣ መጠኑ ሲበዛም እስትንፋስን ያቆማል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ዩጂኖልን ለዓሣ ተገቢ ከሚላቸው መንገዶች መካከል ይቆጥረዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚያስፈልገው የቅርንፉዱ ፍሬ ሳይሆን በጠርሙስ የሚሸጠው ንጹሕ ዘይት ነው፤ ዓሣው ከገንዳው ውኃ በተቀዳ፣ መጠኑ በሊትር በታወቀ ውኃ ውስጥ በሌላ ዕቃ ይቀመጣል። ዘይት ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ስለማይዋሐድ፣ በትንሽ ጠርሙስ ለብ ባለ ውኃ ነጭ ወተት እስኪመስል ተንጦ፣ በመጀመሪያ ለአንድ ሊትር አንድ ወይም ሁለት ጠብታ በሚሆን ልክ ቀስ ብሎ ይጨመራል፤ ዓሣው ዘንበል ብሎ ሲተኛና ሲነካ የማይንቀሳቀስ ሲሆን፣ የተቀረው ተጨምሮ ለአንድ ሊትር ስምንት ጠብታ ያህል ይሞላል። የስንጥቡ ክዳን መንቀሳቀሱን ካቆመ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ለእርግጠኝነት ግማሽ ሰዓት፣ በዚያው ይቆይ፤ ዓሣው የሞተ መስሎ ቶሎ ከተነሣና ንጹሕ ውኃ ካገኘ ሊነቃ ይችላልና፣ ትዕግሥት ማጣት እዚህ ላይ ምሕረቱን ያበላሸዋል።

ዘይቱ ካልተገኘ ወይም ዓሣው ትልቅ ከሆነ፣ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ዓሣውን በርጥብ ጨርቅ ይዞ፣ ከዓይኖቹ ጥቂት ወደ ኋላ በራስ ቅሉ ላይ በከባድ ዱላ አንድ ጊዜ አጥብቆ መምታት ራሱን እንዲስት ያደርገዋል፤ ወዲያው አንጎሉን በስል ነገር ማጥፋት ይከተላል። ጃፓኖች ኢኬጂሜ የሚሉት ጥንታዊ ሥራቸው በዚሁ መንገድ አንጎሉን በሹል ብረት ይወጋል፤ ዓሣውም ስለማይጨነቅ ሥጋው ይጣፍጣል ይላሉ። ይህ ሳያስፈራ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይጀምረው፣ የጸና እጅ ላለው ጎረቤት ወይም ለእንስሳት ሐኪም ይስጠው። በበረሃው ዳር ለገበያ ዓሣ የሚያወጡ ሰዎች ግን ይህን አንድ ምት ቢለምዱት፣ ለበጋችን የምንሰጠው አጭር ሞት ለዓሣውም ይደርሰው ነበር።

ልጆች ባሉበት ቤት፣ ዓሣው ተኛ ወይም ወደ ወንዙ ሄደ ተብሎ መዋሸት የሚቀለው ለዋሺው ነው። መታመሙን፣ ውኃው ተለውጦ ሊድን አለመቻሉን፣ እንዳይሠቃይም መደረጉን በአጭር ቃል መንገር ይሻላል፤ ከአያቶቻቸው ጋር የፋሲካውን ወይም የዒዱን እርድ ያዩ ልጆች ከምናስበው በላይ ይረዱታል። ሬሳው ከቤት ራቅ ብሎ ውሻና ድመት በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር፤ በቅርንፉድ ዘይት የሞተው ለድመት አይሰጥ። መረቡም ሆነ ዓሣው የሞተበት ዕቃ በሙቅ ውኃ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ። በገንዳው ውስጥ ሌሎች ዓሦች ካሉ፣ ሢሶው ውኃ በዚያው ቀን ይቀየር፣ ምግባቸው ይቀነስ፣ ለሁለት ሳምንትም አዲስ ዓሣ አይገባባቸው።