ከመሰብሰብ እስከ መማከር

ተማሪዎችን አምስት አምስት አድርጎ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ አምስቱን በአንድነት መካሪና ፈራጅ ማድረግ ግን ከመምህሩ ብዙ ጥበብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በየትምህርት ቤቱ «አንድ ለአምስት» ተብሎ የተዘረጋው አደረጃጀት፣ ዓላማው መልካም ሆኖ ሳለ፣ በብዙ ክፍል ጎበዙ ብቻውን ሠርቶ የቀሩት ስማቸውን ጽፈው ውጤት የሚካፈሉበት ሆኖ የቀረው፣ መቀመጫው እንጂ ሥራው ለኅብረት ስላልተሰናዳ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ገለል ብሎ ብቻውን ቅኔውን ይቆጥራል (ያበጃል)፤ ከዚያም በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው (ቅኔ በሚያስነግረው ከፍተኛ ተማሪ) ፊት ነግሮ ይታረማል። በግል አስቦ፣ በጉባኤ መፈተን ማለት ይህ ነው።

አሜሪካዊው ላሪ ማይክልሰን፣ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የክፍላቸው ተማሪ ከ40 ወደ 120 ቢበዛባቸው፣ ወደዚህ የሚቀርብ ሥርዓት አበጁ። ከ5 እስከ 7 አባላት ያሉት ቋሚ ቡድን ይመሠረታል፤ ተማሪው ምዕራፉን አንብቦ መጥቶ አጭር ፈተና ብቻውን ይወስዳል፤ ያንኑ ፈተና ደግሞ ከባልንጀሮቹ ጋር ተማክሮ ይመልሳል፤ በእርማቱ ያልተስማማ ቡድን ማስረጃ ጠቅሶ ይግባኝ ይላል፤ መምህሩም ተማሪዎቹ ያልገባቸውን ብቻ ያብራራል።

ከዚህ በኋላ ለሚከተለው ዋና የቡድን ውይይት የሚቀርበው ጥያቄ ቁም ነገር ያለው፣ ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት፣ ቁርጥ ያለ ምርጫ የሚያስመርጥ፣ መልሱም በአንድ ጊዜ የሚገለጥ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ ላንቻ የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሰፈሩ ስለሚያልፈው ቀላል ባቡር «ጥቅሙን ዘርዝሩ» ቢል ዝርዝር ብቻ ያገኛል፤ «ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ ቢበቃ፣ ባቡር መጨመር፣ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መሥመር መክፈት፣ ወይስ የእግረኛ መንገድ ማስፋት ይቅደም?» ቢል ግን ከሳሪስ በባቡር የሚመላለሰውም፣ በእግሩ የሚመጣውም ተማሪ የሚያዋጣው ዕውቀት ይኖረዋል። ቡድኖቹም ምርጫቸውን በወረቀት ጽፈው ባንድነት ከፍ ሲያደርጉ ማንም ከማንም ሊቀዳ አይችልም፤ ልዩነቱ በገሃድ ይታያል፣ ክርክሩም ከዚያ ይጀምራል።

ውጤቱ የግል ፈተናን፣ የቡድን ሥራንና ባልንጀሮች እርስ በርሳቸው የሚሰጡትን ምዘና ቢያጠቃልል፣ ሰነፉ አይሸሸግም፤ ዝም ያለውም አይረሳም። እንዲህ ያለውን ክፍል የሚመራ መምህር ድካሙ የሚበዛው ከደወሉ በፊት፣ ጥያቄውን በሚያበስልበት ሰዓት ነው፤ ያ ድካም በሚገባ ከተፈጸመ፣ በክፍለ ጊዜው ተማሪዎቹ ሲከራከሩ እርሱ በትዕግሥት ሊያዳምጣቸው ይችላል።