ለፈተና የሚሰናዳ ተማሪ ሥጋውንም ያሰናዳ

የሰው አእምሮ በሥጋው ውስጥ አድሮ የሚሠራ እንጂ ከሥጋው ተለይቶ የሚቆም አይደለም። ስለዚህ ሰውነቱ የዛለና ትንፋሹ የታወከ ተማሪ፤ ምንም እንኳ ብዙ ሌሊት ተግቶ ቢያነብ፤ በፈተና ቀን ያጠናውን ከልቡ አውጥቶ በወረቀት ላይ ለማስፈር ይቸገራል።

ይህ ነገር ዛሬ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከቤታቸው ርቀው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ አገር አቀፉን ፈተና እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ፈተና ከመቶ 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆኑ። የዚህም ምክንያቱ ብዙ ነው። የመምህርና የመጽሐፍ ማነስ አለ፤ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተዋል። ያልተማሩትን ትምህርት በሩጫና በትንፋሽ ማካካስ አይቻልም። ነገር ግን የተማረው ልጅ የተማረውን በፍርሃት እንዳያጣው መርዳት ይቻላል።

ከጉና ተራራ ግርጌ ላለው አገር ሰው ይህ ምክር ትርፍ ነገር መስሎ ሊታየው ይችላል። «ውኃ የሚቀዳ፤ ከብት የሚጠብቅ፤ ወደ ተማሪ ቤት ዳገትና ቁልቁለት የሚመላለስ ልጅ ምን የሰውነት ማሠልጠኛ ያሻዋል?» ይባል ይሆናል። አነጋገሩ እውነትነት አለው። ዳሩ ግን የባላገር ልጅ ለከፍተኛው ትምህርት ወደ ደብረ ታቦር መጥቶ ክፍል በተከራየ ጊዜ፤ ስንቁ ከቤት እየመጣለት በጠባብ ቤት ጐንበስ ብሎ ሲያነብ ይውላል፤ በመንደሩ የለመደው መንገድና ሥራ ይቋረጥበታል። ፈተናው በቀረበ መጠን መቀመጡ ይበዛል፤ እንቅልፉም ያንሣል። እንግዲህ የሚያስፈልገው አዲስ ነገር መልመድ ሳይሆን፤ ያደገበትን እንዳይተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፤ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ መክሯል።

ትምህርትን ከሰውነት ጋር ማስማማት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ደብረ ታቦር የተክሌ አቋቋም ማስመስከሪያ ናት። የአቋቋም ተማሪ ዜማውን የሚያጠናው ተቀምጦ በማንበብ ብቻ አይደለም፤ መቋሚያውን ይዞ፤ ሰውነቱን ከዜማው ጋር እያዘመመ፤ ትንፋሹንም እየለካ ነው። ትንፋሹን ያለ ልክ የጨረሰ ሰው ዜማውን ከመካከል ይቈርጣል።

ለዚህም ሐኪሞች ምክንያቱን ይገልጣሉ። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን የሚባለው ቅመም በደሙ ይሠራጫል፤ ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹም አጭርና ፈጣን ይሆናል። ሰው የልቡን ምት በቀጥታ ሊያዝዘው አይችልም፤ ትንፋሹን ግን ሊያዝዘው ይችላል። ትንፋሽ በዝግታ በሚወጣበት ጊዜ፤ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገየዋል። በዚህ መንገድ ሰውነት ሲረጋ አሳብም ይሰበሰባል።

አሠራሩም ቀላል ነው። ተማሪው ጀርባውን አቅንቶ ይቀመጥ፤ እስከ 4 እየቈጠረ በአፍንጫው አየር ይሳብ፤ እስከ 6 እየቈጠረ ቀስ አድርጎ ያውጣ። በሚስብበት ጊዜ ከደረቱ ይልቅ ሆዱ ይነፋ። ይህን 5 ደቂቃ ያህል ጠዋትና ማታ ቢያደርገው ይበቃዋል። ትንፋሽን አብዝቶና አፋጥኖ መሳብ ግን ራስን ያዞራል፤ ጣትንም ያደነዝዛል፤ ስለዚህ በዝግታ ይሁን። ይልቁንም ይህን ልማድ በፈተናው ዋዜማ ሳይሆን ከብዙ ሳምንት በፊት ይጀምረው፤ በሰላም ቀን ያልተለመደ መሣሪያ በጭንቅ ቀን እጅ አይገባምና።

ሩጫውም ቢሆን በልክ ይሁን። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ከርሞ የተቀመጠ ልጅ በአንድ ጊዜ ዳገት ቢሮጥ ይደክማል። ከጥናት በኋላ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ለጅማሬ ይበቃል። የደረት ሕመም ወይም አስም ያለበትም አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

መምህራን ከፈተና በፊት ባሉት ሳምንታት የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት አሳልፈው ባይሰጡ፤ መልካም ያደርጋሉ። ወላጆችም ልጁ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ ሜዳ ሲወጣ እንደ ሰነፍ አይቍጠሩት፤ በሌሊትም እንዲተኛ ይፍቀዱለት። ገበሬ በሬውን ሲያርስ አውሎ ሲያሳርፈው ነገ የሚታረሰውን አስቦ እንጂ ለስንፍና አይደለም። ለበሬው የታሰበለት ዕረፍት ለልጁ ሊነፈገው አይገባም።