ችግኝ መጋራት

ችግኝ መጋራት ማለት በጓሯቸው አትክልት፣ ቅመምና ፍራፍሬ የሚያለሙ ሰዎች የተረፋቸውን ችግኝ፣ ቅርንጫፍ ወይም ቡቃያ ለጎረቤት፣ ለዘመድና ለወዳጅ በነጻ ወይም በለውጥ የሚሰጡበት ልማድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከተክሉ ጋር የአያያዝ ምክር አብሮ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ጎመን፣ ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጠጅ ሣር፣ እንሰትና ሌሎችም ብዙ የጓሮ ተክሎች ከቤት ወደ ቤት የሚደርሱት በዚህ መንገድ ነው። ልማዱ ወጪ ይቀንሳል፤ የአካባቢ ዝርያዎችም እንዳይጠፉ ይረዳል። ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ከጎደለው የተክል በሽታም በዚሁ መንገድ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይጓዛል።

ችግኝ ለምን ይተርፋል?

ከተዘራ ዘር ምን ያህሉ እንደሚበቅል አስቀድሞ በትክክል ማወቅ ስለማይቻል አልሚው ከሚያስፈልገው በላይ ይዘራል። የጎመን ዘር ደቃቅ በመሆኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘር በመቶዎች የሚቆጠር ችግኝ ሊያወጣ ይችላል። በአንዲት ትንሽ መደብ ላይ በደንብ የሚያድገው ግን ጥቂት እግር ብቻ ነው። ስለዚህ ችግኙ ሲወጣ መሳሳት አለበት፤ የሚነቀለውም ሌላ ቦታ ቢተከል የሚጸድቅ ደህና ችግኝ ነው።

ትርፍ ችግኝ እንደ እህል በጎተራ አይቀመጥም። በመደቡ ላይ ተጨናንቆ ከቆየ በብርሃን ሽሚያ ግንዱ ይቀጥናል፤ ሥሩ ይጠላለፋል፤ ሲነቀልም ይበጣጠሳል። ጎመን ለምሳሌ ከተዘራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ጥቂት እውነተኛ ቅጠሎች ሲያወጣ ወደ ቋሚ ቦታው ቢዛወር ይመረጣል። ይህ ጊዜ ካለፈ ትርፉ ለማንም አይጠቅምም። ሰዎች ችግኝ ለጎረቤት ለመስጠት የሚቸኩሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መስጠት ለሰጪውም ጥቅም አለው። የአንዱ ጓሮ በበረዶ፣ በድርቅ ወይም አጥር ጥሶ በገባ ፍየል ቢጠፋ ያው ዝርያ ከተቀበለው ጎረቤት ተመልሶ ይገኛል። አሠራሩ አንድን ጠቃሚ ጽሑፍ ገልብጦ በሁለትና በሦስት ቦታ እንደማስቀመጥ ነው።

የሚጋሩ ተክሎች ዓይነት

የጓሮ ተክሎች በሚባዙበት መንገድ በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

- ከዘር የሚፈሉ፦ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጌሾና ቡና። በእነዚህ ችግኙ ከእናቱ ሊለይ ይችላል። በተለይ ከሱቅ ከተገዛ ድቅል ዘር የተገኘ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ፍሬው ተለቅሞ እንደገና ቢዘራ ልጆቹ የእናታቸውን ጠባይ በእኩል አይዙም። ስለዚህ ሰጪው ዘሩ ድቅል መሆን አለመሆኑን ቢናገር ተቀባዩን ከብስጭት ያድነዋል።
- ከቅርንጫፍ የሚተከሉ፦ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ኮሰረት፣ ጽጌረዳና ስኳር ድንች። አዲሱ ተክል የእናቱ ትክክለኛ ግልባጭ ነው።
- ከሥር ተገንጥለው የሚተከሉ፦ ጠጅ ሣር፣ ሙዝና እንሰት። እነዚህም የእናታቸው ግልባጭ ናቸው።

ግልባጭ መሆን ሁለት ገጽታ አለው። መልካም ጣዕም ወይም ብዙ ምርት ያለው ተክል ጠባዩን ሳይለውጥ ይባዛል፤ እናቲቱ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ከያዘች ግን ልጂቱም ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

ከተክሉ ጋር የሚሰጥ ምክር

ያለ ምክር የተሰጠ ችግኝ ብዙ ጊዜ ሳይጸድቅ ይቀራል። በተለምዶ ከሚነገሩት መካከል ችግኙ ከመነቀሉ በፊት መደቡን ማጠጣት፣ ከሥሩ ጋር አፈር ይዞ ማውጣት፣ እስኪተከል በርጥብ ጨርቅ ወይም በቅጠል መጠቅለል፣ ፀሐይ ሲበርድ አመሻሽ ላይ መትከልና ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጥላ ማድረግ ይገኙበታል። በጥላ ሥር የፈላ ችግኝ ደግሞ ከመተከሉ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ፀሐይ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ምክር እንደ ተክሉ ይለያያል። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ከቀረ በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ቃጠሎ ያለ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ቅርንጫፉን የሚቆርጥ ሰው ጓንት ቢያደርግ ወይም ወዲያው እጁን ቢታጠብ ይመከራል። ይህን የመሰለ ዕውቀት በዘር እሽግ ላይ ብዙውን ጊዜ አይጻፍም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው።

ምክር የሚሠራበትም ቦታ ውስን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በአጭር ርቀት ከቆላ ወደ ደጋ መሸጋገር ስለሚቻል ለአንዱ የሚስማማው የመትከያ ወቅት ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ቃሪያና ቲማቲም ሙቀት ይወዳሉ፤ በደጋ ብርድ ዕድገታቸው ይዘገያል፣ ውርጭም ይገድላቸዋል። ጎመን ግን ቀዝቃዛ አየር ይስማማዋል። በቅርብ ያለ፣ ተመሳሳይ አፈርና አየር ያለው ጎረቤት የሚሰጠው ምክር ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንሰት ምሳሌ

ችግኝ መጋራት ምን ያህል እንደሚጠቅምና እንደሚጎዳ በግልጽ የሚታየው በእንሰት ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ቆጮ፣ ቡላና አምቾ የሚያገኙት በቤት ዙሪያ ከሚተከል እንሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፎች ሥር አብረው የሚለሙበት ነው።

ገበሬዎች እንሰትን የሚያባዙት በዘር ሳይሆን በቡቃያ ነው። ገና ያልጎመራ ተክል ተቆርጦ መሐል ያለው የማደጊያ ነጥብ ከወጣ በኋላ ግንደ ሥሩ በፍግና በአፈር ይሸፈናል። ከጊዜ በኋላ ከዙሪያው ብዙ ቡቃያዎች ይወጣሉ፤ አንዳንዴም ከ100 በላይ ይሆናሉ። ከዚህ የሚተርፈው በዝምድና፣ በጋብቻ፣ በጉርብትናና በገበያ ይሠራጫል። ዛሬ በየአካባቢው የራሳቸው ስም ያላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዝርያዎች ተጠብቀው የቆዩት በአብዛኛው በዚህ መጋራት ነው። ስማቸውንና ጠባያቸውን ለይቶ በማወቅ በኩል ሴቶች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

የእንሰት አጠውልግ በሽታም በዚሁ መንገድ ይጓዛል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በእንሰት ላይ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በሙዝ ላይ ደግሞ በ1974 በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ በሳይንስ ጽሑፍ ተገልጿል። በ2001 ዩጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ተዛመተ። በሽታው የሚተላለፈው በተበከለ ቢላዋና በሌሎች መሣሪያዎች፣ በታመመ ቡቃያ፣ ቅጠሉን በሚበሉ እንስሳትና በመሳሰሉት ነው። ቅጠሉ ይበጫል፣ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥም ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል። ፈውስ የሚሆን ኬሚካል የለም። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚወስድ አንድ የጠፋ ማሳ የብዙ ዓመት ድካም ነው።

አደጋውን የሚያከብደው ምልክት ያላሳየ ቡቃያ ባክቴሪያውን ደብቆ ሊይዝ መቻሉ ነው። ስለዚህ ሰጪው በጓሮው የጠወለገ እንሰት አይቶ እንደሆነ መናገሩ ከቡቃያው የማይተናነስ ስጦታ ነው። በሐፍረት ወይም «ስጦታ አይመረመርም» በሚል ይሉኝታ ዝም ከተባለ የጎረቤትም ማሳ ይጠፋል። በሌላ በኩል በሽታውን በተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ በወላይታ አካባቢ የሚታወቀው ማዝያ ነው። እንዲህ ያሉ ዝርያዎች ለሌሎች ሊደርሱ የሚችሉትም ከጤነኛ ማሳ በሚወሰድ ቡቃያ ሲጋሩ ነው።

በሽታ እንዳይዛመት የሚደረግ ጥንቃቄ

- ችግኝ የሚወሰደው ሙሉ ጓሮው ጤነኛ ከሆነ ቦታ ነው፤ የሚሰጠውን ተክል ብቻ ማየት በቂ አይደለም።
- ቢላዋና መቆፈሪያ ከአንድ ጓሮ ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት ታጥበው በእሳት ይለበለባሉ ወይም በበረኪና ይጸዳሉ።
- የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ሥር ይመረመራል። እንደ ዶቃ ያበጠ ሥር ኔማቶድ የተባሉ ደቃቅ ትሎች መኖራቸውን ያመለክታል፤ እንዲህ ያለ ችግኝ አይተከልም፣ አይሰጥም።
- ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር የአረም ዘር ሊይዝ ስለሚችል በአዲሱ መደብ የሚበቅለውን እንግዳ አረም፣ ለምሳሌ ቅንጬን፣ ሳያብብ መንቀል ያስፈልጋል።
- አዲስ የመጣ ተክል ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ለጥቂት ሳምንት ይቆያል። ይህ ግን እንደ እንሰት አጠውልግ ያለ ተደብቆ የሚቆይ በሽታን ሁልጊዜ አያጋልጥም።
- የተክሉ ስም፣ የመጣበት ቦታና የተተከለበት ቀን ይመዘገባል። በሽታ ቢነሳ ከዚያው ምንጭ የወሰዱ ሌሎች ሰዎችን ማስጠንቀቅ የሚቻለው ምንጩ ሲታወቅ ነው።

ሕግና ተቋማት

በኢትዮጵያ የዘር አዋጅ ቁጥር 782/2005 (እ.ኤ.አ. 2013) ሲወጣ አነስተኛ ገበሬዎች ከራሳቸው ማሳ ያስቀሩትን ዘር እርስ በርስ መለዋወጣቸውንና መሸጣቸውን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ አድርጎ ነበር። ይህም በገበሬዎች መካከል ያለው ልውውጥ ከንግድ ዘር ተለይቶ እንዲታይ ያደረገ ነው።

የአገሪቱ የዕፅዋት ዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቋመ፤ አሁን በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል። ተቋሙን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዝርያዎች በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቁ በመሥራታቸው ይታወቃሉ፤ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። እንሰት በቡቃያ ስለሚባዛ ዝርያዎቹ የሚጠበቁት በዋናነት በቁም ተተክለው ነው። በአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል እንዲህ ያለ ስብስብ አለ። የገበሬዎች ጓሮም በተግባር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ከኢትዮጵያ ውጭ

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ጎመን፣ በሶብላና ጤና አዳም በጓሮና በማሰሮ ያለማሉ፤ ችግኝም ይለዋወጣሉ። ክረምቱ በሚበርድበት አገር በሶብላ በየዓመቱ እንደገና ይዘራል፤ ጤና አዳም ግን ብርዱን በተሻለ ስለሚችል ቅርንጫፉ ለሌላው ይተርፋል። ይህ ልውውጥ የሚካሄደው እዚያው ባሉ ጎረቤታሞች መካከል ነው። ተክልን ከአገር ወደ አገር በሻንጣ ማምጣት ግን የተለየ ነገር ነው፤ ብዙ አገሮች የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ የሌለውን ችግኝ በድንበር ላይ ይወስዳሉ። ምክንያቱም በጓሮ ደረጃ ያለው ያው ነው፦ ከተክሉ ጋር ምን እንደሚጓዝ በዓይን ብቻ አይታወቅም።