አካውንቱን ሸጠልኝ፤ በሦስተኛው ቀን መልሶ ወሰደው!

«ጉድ ሆንኩላችሁ!» ይላል ደብረ ማርቆስ የሚማረው የቁይ ልጅ። አባቱ ጤፍ ሸጠው ለቤት ኪራይ የላኩለትን ገንዘብ ለምን አዋለው ብትሉ... ለፐብጂ አካውንት!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ጨዋታውም አብሮ ቆመ። መስመሩ ሲመለስ የአዲስ አበባ ጓደኞቹ ጥለውት ሄደዋል። መቼ ይድረስባቸው? በቴሌግራም ደረጃው ከፍ ያለ፣ ልብስና መሣሪያው የተሟላ አካውንት አየ። ሻጩም «ወንድሜ፣ ላንተ ብዬ ነው በዚህ ዋጋ» አለው። ብሩ በቴሌብር ሄደ፤ የይለፍ ቃሉ መጣ።

ሁለት ሌሊት ነገሠ። በሦስተኛው ቀን አካውንቱ አልከፈት አለ።

ልጁ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ነበር። አካውንቱ የተመዘገበበት ኢሜይል ግን የሻጩ ነው። «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን ሲነካ ኮዱ ለእሱ መጣለት፤ በቃ! ለኩባንያው አቤት እንዳይባል የጨዋታው ደንብ ራሱ አካውንት መሸጥና መግዛትን ይከለክላል።

ልጁ ተናደደ። ጠላትን ከግድግዳ ጀርባ የሚያሳይ ማጭበርበሪያ ከቴሌግራም አወረደ። አስማት እንዳይመስላችሁ! ጠላት ያለበት ቦታ አስቀድሞ ወደ ስልካችሁ ተልኳል፤ ማጭበርበሪያው ያንን አንብቦ ይስለዋል። ኩባንያዎቹም ዝም አይሉም፤ ባትልአይ የተባለው የጨዋታ ዘብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 2018 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የፐብጂ አካውንቶችን አግዷል።

ፕሮግራሙ ሲጫን የጽሑፍ መልእክቶችን ለማንበብ ፈቃድ ጠየቀ። አብራው የምትማረው ልጅ ስልኩን ነጠቀችው። «አንተ! ጨዋታ የአንተን መልእክት ምን ያደርግለታል?» እውነቷን ነው። የቴሌግራሙም የባንኩም ኮድ የሚመጣው በመልእክት አይደል?

አሁን ምን ይሻለዋል? እኛ የምንለው፣ የቴሌብር ደረሰኙንና የተጻጻፉትን ሁሉ ሳያጠፋ ፖሊስ ጋ ይሂድ። ደረሰኙ ላይ የተቀባይ ስም አለ። በኮምፒዩተር ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ብሩ ይመለሳል ብለን ግን አንዋሽም።

ከፖሊስ ይልቅ የከበደው ሌላ ነው። አከራይዋ እማማ «ልጄ፣ ወሩ ሞላ እኮ» ብለውታል፤ አባቱ ደግሞ ትናንት ደውለው «ኪራዩን ከፈልክ ወይ?» ሲሉት «አዎ አባዬ» ብሏል።